ከቀብር በኋላ የተሰማ ሳል

ጋሽ ጌታሰው ከተቀበሩም በኋላ መሳላቸውን አላቆሙም።

መጀመሪያ የሰማችው ልጃቸው እስከዳር ናት። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ቤቱ ለእሷና ለሠራተኛዋ ለሥራነሽ ብቻ በቀረበት አመሻሽ፣ ከአባቷ መኝታ ክፍል ሳል ሰማች። ከደረት ሥር የሚነሣ፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚንገላታ፣ ሲያበቃ እንደ ማቃሰት የሚያደርገው፣ ያው የምታውቀው ሳል ነበር። በሩን ስትከፍተው አልጋው እንደተነጠፈ ነው። በማግስቱ ሥራነሽ ሰማች። ቀጥሎ ልታጽናና የመጣች ጎረቤት ሰማችና ነጠላዋን ወንበር ላይ ትታ ወጣች።

መንደሩ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር ተለጥፎ የሚኖር ነው። ወሬ ከቤት ቤት ለመድረስ ጭቃው አያግደውም። ወዲያው «በሰው እጅ የሞተ ሰው አያርፍም» ተባለ። በሰው እጅ ከተባለ ደግሞ የማን እጅ የሚለው መከተሉ አይቀርም። ሽማግሌውን ያስታመመው እጅ አንድ ብቻ ነበር።

እስከዳር ለፖሊስ አመለከተች፤ ሥራነሽ ተያዘች።

ኢንስፔክተር የኔአለም ጉዳዩን የተረከበችው ጳጉሜ ላይ ነው፤ ዓመቱ የተረፈ ዝናቡን ሁሉ አንድ ላይ በሚደፋበት ሰሞን። ሃምሳን ያለፈች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር አፉን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ፤ አንዱማ ሟቹን ራሳቸውን ጠርተሽ ቃላቸውን ተቀበዪ ብሎ ቀለደባት። የኔአለም አልሳቀችም። ሥራነሽ በማግስቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። የሚከላከልላት ዘመድ የላት፤ አገሯ ይጁቤ ገጠር ውስጥ ነው። ክሱ ደግሞ ለሰሚው ቀላል ነበር፦ ሽማግሌው የምትኖርበትን ክፍል ሊሰጧት ቃል ገብተው ነበር፣ መድኃኒታቸውን የምታቀብለው እሷ ነበረች፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ባዶ የካፕሱል ቀፎዎች ከፍራሻቸው ሥር ተገኙ።

ቀፎዎቹን ያገኘችው እስከዳር ናት። ሉማሜ ያለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ክረምቱንም በሥልጠና ምክንያት ስትመላለስ ነበር የከረመችው። ቀፎዎቹን በመሐረብ ጠቅልላ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ ነው። እያንዳንዱ ተከፍቶ፣ ውስጡ ተራግፎ፣ መልሶ ተገጥሟል።

«ወይ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሐምዱ ባዶውን ሸጦልናል፣» አለች እስከዳር፣ «ወይ ደግሞ ሥራነሽ መድኃኒቱን አራግፋ ቀፎውን ደብቃዋለች። ከሁለቱ አንዱ ነው። ሌላ ሰው እዚህ ቤት አልገባም።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ከመነኮሰች ቆየች። ፍትሐት ተፈትቶላታል። እንደ ሞተች ነው የምንቆጥራት።»

የኔአለም ነገሩ ገባት። ሰው ቆብ ሲደፋ በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደረስለት ታውቃለች፤ የራሷም አክስት እንዲሁ ነበሩ። ለዓለም ሞቷልና ዓለም በስሙ አይጠራውም።

ከዚያ የሕመሙን አመጣጥ ጠየቀች። እስከዳር ያወቀችውን ነገረቻት። ነሐሴ ሲገባ ከተማውን ሁሉ የጣለው ጉንፋን አባቷንም ያዛቸው። ተኝተው ተነሡ፤ ፀሐይ ወጥታ በነበረች አንድ ረፋድ ደጅ ተቀምጠው ሲቀልዱ አይታቸዋለች። ተሻላቸው ብላ ሉማሜ በተመለሰች በጥቂት ቀን ብርድ ብርድ አላቸውና ደረታቸው ተወጋ። ሆስፒታል ወሰደቻቸው። አልጋ ያዙ ቢባሉ እምቢ ብለው መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ሆስፒታል የገቡት ሊሞቱ ሲሉ ነበር።

ያከማቸው ሐኪም ዶክተር አንተነህ ወጣት ነው። ጋሽ ጌታሰውን አልረሳቸውም።

«ኢንፍሉዌንዛው አይደለም የገደላቸው፣» አለ። «በሽማግሌ ሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ግን ግድግዳውን ልጦት ነው የሚሄደው። በተላጠው በኩል ባክቴሪያ ይገባል። ሰው ተሻለኝ ብሎ በተነሣ ሰሞን መልሶ የሚጥለው ያ ነው። እሳቸው ላይ የገባው ደግሞ አንድ አልነበረም። አክታቸውን ስንመረምር ሁለት ዓይነት አብሮ አገኘን።»

«ሁለት መድኃኒት የሰጡዋቸው ለዚያ ነው?»

«አዎ። ነጩ ኪኒን ለአንደኛው፣ ካፕሱሉ ለሁለተኛው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።»

«ይህንን ነገሯቸው?»

ሐኪሙ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አኖረ። ያን ቀን ወረፋው እስከ ግቢው በር ደርሶ እንደነበር ተናገረ። ሽማግሌው «ለአንድ ሰው ሁለት መድኃኒት ምን ያደርጋል?» ብለው ጠይቀውታል። እሱም «ሁለቱም ለሳንባ ነው፣ አባቴ፤ ሁለቱንም ይውሰዱ» ብሎ ቀጣዩን ታማሚ ጠራ።

ሊሞቱ ሲሉ የተወሰደው አክታ ውጤቱ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነበር። የኔአለም ምን እንደሚል ጠየቀችው። በነጩ ኪኒን የሚጠፋው ባክቴሪያ ጠፍቷል፤ በካፕሱሉ የሚጠፋው ግን ሳንባቸውን ሞልቶታል አላት።

ከሆስፒታሉ ወጥታ ወደ ሐምዱ መድኃኒት ቤት ወረደች። ሐምዱ ብቻውን ተቀምጦ መደርደሪያውን ሲያይ አገኘችው።

«እንኳን ደህና መጡ፤ ዛሬ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ነዎት፣» አላት። «ሰው አሁን ለራስ ምታት እንኳ እኔ ጋ አይመጣም። ባዶ ቀፎ ሻጭ ተብያለሁ። ቀፎ እንኳ ቢሆን ንብ ይኖረው ነበር።»

ቀፎዎቹን ስታሳየው ቀልዱ ጠፋ። አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ሽፋኑ ጥግ ላይ ዱቄት እንደቀረ፣ ባዶ ተሠርቶ የመጣ ካፕሱል ዱቄት እንደማይኖረው ነገራት። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ታሽጎ ከሚመጣበት ማሸጊያ አንዱን ካፕሱል ፈልቅቆ፣ በሁለት ጣት ይዞ፣ ሳብ አድርጎ ከፈተላት።

«የቸኮለ ሰው ሲከፍተው ይጨፈልቀዋል። እነዚህን የከፈተ ሰው አልቸኮለም። ወላሂ፣ እኔ በጋሽ ጌታሰው ላይ? አባታችን ሲሞቱ ይህንን ሱቅ ለእኔና ለወንድሜ ያካፈሉን እሳቸው ናቸው። በክር ለክተው። ወንድሜ ታላቅ ነኝና ይብለጥልኝ ሲል ‹ሁለት ሰው ካለ ሁለት እኩል ነው› አሉት። አገሩ ሁሉ ለድርሻ የሚጠራቸው ለዚህ ነበር።»

ሥራነሽን መጨረሻ ላይ ነው ያነጋገረቻት። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። አለቀሰች እንጂ አልተሟገተችም። የኔአለም ግን መድኃኒቱን ትታ ስለ ምግቡ ጠየቀቻት።

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ሐኪሙ እንዳዘዘው እንቁላል ትሰጣቸው እንደነበርና እንደሚበሉላት ተናገረች። ከእንቁላሉ በኋላ ግን አጥሚት ያዛሉ። ወተትና ቅቤ ያልነካው፣ የጾም አጥሚት።

«እንቁላል በልተው የጾም አጥሚት?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹አንጀቴ እንዲያ ይፈልጋል› አሉኝ። ነጩን ኪኒን ፊቴ ነው የሚውጡት። ካፕሱሉን ግን ከጸሎት በኋላ እወስደዋለሁ፣ አጥሚቱን አስቀምጪና በሩን ዝጊው ይሉኛል። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ጠጡልኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አልጋቸው ሁልጊዜ እዚያ ነበር?»

አልነበረም። ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲበረታ፣ ከምድጃው ጎን አስነሥተው ወደ ጀርባው ግድግዳ አስጠግተውታል። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው ብትላቸው አልሰሟትም። ከአልጋው በላይ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ አሰቅለዋት ነበር።

የኔአለም ወደ ቤቱ ተመለሰች። እስከዳር ደጅ ቆማ ጠበቀቻት፤ ብቻዋን ወደ ክፍሉ መግባት ትታለች።

«ሳሉን ዛሬም ሰማሽው?»

«ጠዋት ሰማሁት። ግን...» እስከዳር የምትለውን ራሷ አላመነችውም። «ቀለል ብሏል። መጀመሪያ እንደነበረው አይደለም።»

«ሙት ይስላል እንበል፣» አለች የኔአለም። «ሙት ግን ይሻለዋል?»

ብቻዋን ገባችና በሩን ዘጋች። የሽማግሌ ክፍል ነው፤ የቀዘቀዘ አመድና የቆየ ቅባት ይሸታል። ምንጣፉን ገለጥ አደረገችው። ከጀርባው ያለው የድንጋይ ግድግዳ በጭቃ የተመረገ ነው። አልጋ ላይ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ ግን አንዱ ድንጋይ ዙሪያውን ምርጊት የለውም። ከሥሩ እስከ አልጋው ጠርዝ ድረስ ነጭ የነጠብጣብ መስመር ወርዶ ደርቋል። በጣቷ ነካችው፤ አጥሚት ነው።

ድንጋዩን አላወጣችውም። ጆሮዋን አስጠጋች። ከወዲያ ማዶ የሰው እስትንፋስ ነበር፤ አጭር፣ እንደ ቀጭን ፉጨት ያለ። ከእስትንፋሱ መሐል የመዝሙረ ዳዊት ቃል ተሰማት፤ ተቆረጠ፤ ከተቆረጠበት ቀጠለ። የኔአለም ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች ቀረች።

ስትወጣ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ምን እንዳለ እስከዳርን ጠየቀቻት። ግድግዳው ራሱ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነው አለች። ከአጥሩ ወዲያስ? እስከዳር መልሱን ከመናገሯ በፊት ፊቷ ተለወጠ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የኔአለም ሁሉንም በሟቹ መኝታ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሥራነሽን ፖሊስ አጅቦ አመጣት። ሐምዱ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ዶክተር አንተነህ በር ላይ ቆመ። እስከዳር ከአልጋው ራቅ ብላ ተቀመጠች። የኔአለም ይህንን ጣቢያ ሆና ማስረዳት ትችል ነበር። ነገር ግን ቀፎና የአክታ ውጤት ዳኛ ፊት ብዙ አይራመዱም፤ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል። ምስክሯ ደግሞ በሩ የማይንኳኳ ሰው ነው። አለመናገር ሥራነሽን አሳልፎ መስጠት ነው። መናገር ደግሞ ግድግዳው ወዲያ ላለው ሰው ሊሸከሙት የማይቻል ነገር ማሸከም ነው። ይህንን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ሥራነሽን አየቻት። ሥራነሽ የተጨማደደውን አንሶላ በእጇ እያስተካከለች ነበር።

የኔአለም ምንጣፉን አወረደችው። ፊቷን ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ከወትሮው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ከሐምዱ እንነሣ። ቀፎው ውስጥ ዱቄት ነበር፤ ስለዚህ የተሸጠው መድኃኒት ነው። ደግሞም ነጩ ኪኒን ከዚያው ሱቅ ወጥቶ ሥራውን ሠርቷል፤ የሐኪሙ ውጤት ይህንኑ ይላል። ሐምዱ የለበትም።

«ሥራነሽ ትሁን እንዴ? ልትገድላቸው የፈለገች ሴት አንዱን መድኃኒት በእጇ አስውጣ ሌላውን ለምን ትነሣቸዋለች? ቀፎውንስ እያንዳንዱን መልሳ ገጥማ፣ ሰው እንዲያገኘው ከራሳቸው ፍራሽ ሥር ለምን ታኖራለች? ምድጃ አላት፤ ታቃጥለዋለች። ቀፎውን እዚያ ያኖረው ከአልጋው መነሣት የማይችል ሰው ነው።»

እስከዳር ቀና አለች። «አባቴ ራሱ?»

«ራሳቸው። ለምን የሚለውን አጥሚቱ ይነግርሻል። እንቁላል በልተው የጾም አጥሚት ያዘዙት ለሌላ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ለሚጾም ሰው። አልጋቸውን ወደ ብርድ ግድግዳ ያስጠጉትም ለዚያው ነው።» የላላውን ድንጋይ በጣቷ ነካችው። «ከተቀበሩ በኋላ የሳለው ሙት ነው ብላችኋል፤ በአንድ መንገድ እውነታችሁን ነው። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ፍትሐት የተፈታላቸው፣ ከሐምሌ ጀምሮ በራቸውን ዘግተው ሱባኤ የገቡ መነኩሴ አሉ። እማሆይ ወለተ ማርያም። የእስከዳር እናት። ማን አለ ብዬ ስጠይቅ ሁላችሁም ማንም የለም አላችሁኝ። አልዋሻችሁም። የዘጋ ሰው አይቆጠርም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። የኔአለም እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ክረምቱ ሲበረታ ምግብ የሚያደርሱላቸው ሰዎች ቀሩ መሰለኝ። ጋሽ ጌታሰው ድንጋይ ፈልቅቀው ማቀበል ጀመሩ። እንዳገራችን ወግ ሳይቀምሱ አያቀብሉም። ነሐሴ ላይ ሲታመሙም መቅመሳቸውን አልተዉም። ዶክተር፣ ጉንፋኑ በዚያ ሊያልፍ ይችላል?»

«በቀላሉ፣» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«ከዚያ በግድግዳው ሳል ሰሙ። እኔ ነኝ ያስያዝኳት ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። መነኩሲት መድኃኒት ላትቀበል ትችላለች፤ ዱቄት ግን አጥሚት ውስጥ ይገባል። ሆስፒታል አልተኛም ያሉት ለዚህ ነው፤ ቢተኙ ማን ያቀብላል? ሐኪሙ ሁለት መድኃኒት ሰጣቸው፤ ሁለቱም ለሳንባ ነው አላቸው። በዚህ ቤት ሁለት ሕሙም አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለእማሆይ አደረጉት። እኩል የተካፈሉ መሰላቸው። ደረታቸው ውስጥ ግን ሁለት ገዳይ ነበር፤ አንደኛውን ገደሉት፣ ሁለተኛው ገደላቸው። እዚህ ቤት ነፍስ ያጠፋ ሰው የለም።»

ሐኪሙ የበሩን መቃን ይዞ ጫማውን ያያል። ሥራነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ።

ከወዲያ በኩል እየተገፋ ወጣና አልጋው ላይ ወደቀ። እስከዳር ጮኸች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ቀዳዳው ጥቁር ነበር። ከውስጡ የመጣው ድምፅ ከሰው ጋር ብዙ ጊዜ ያልተነጋገረ ሰው ድምፅ ነው።

«መራራ ነበር።»

ሐምዱ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ።

«አጥሚቱ መራራ ነበር። መድኃኒት እንደሆነ አውቄ ነው የጠጣሁት። እንዳላወቅሁ የሆንኩት፣ ከመለስኩለት እንዳይከፋው ብዬ ነው። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ድንጋዩን ያንኳኳል፣ ያቀብለኛል፣ ሳህኑን እመልስለታለሁ። አንድ ቀን አላንኳኳም። ልቅሶውን በዚህ ቀዳዳ ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በቀረኝ ጥሬ ነው ያለሁት።» ሳል አቋረጣቸው፤ ቆይተው ቀጠሉ። «ለእሱም ያለው መስሎኝ ነበር። ለሁለታችንም የበቃ መስሎኝ ነበር።»

«እማሆይ፣» አለች የኔአለም፣ «ይህንን ዳኛ ፊት ይሉልኛል?»

«ያቺን ልጅ አስራችኋታል?»

«አዎ።»

ቆይቶ ከወዲያ በኩል የእንጨት መቀርቀሪያ ሲሳብ ተሰማ። ርሶ አብጦ ኖሮ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ነው የወጣው።

በአጥሩ ዞረው ሲደርሱ እማሆይ ወለተ ማርያም ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል፤ ትንሽ፣ የዝናቡ ብርሃን እንኳ ዓይናቸውን የወጋቸው ሴት። ዶክተር አንተነህ ፈቃድ ጠይቆ ማዳመጫውን ጀርባቸው ላይ አኖረ። አንደኛው ጎን ገና አልጠራም አለ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ገብተው እንደገና መመርመር እንዳለባቸው ነገራቸው። የታዘዘላቸውን ሁሉ እሳቸው ራሳቸው መውሰድ እንዳለባቸውም ነገራቸው፤ እያንዳንዱ ለምን እንደሆነም አንድ በአንድ አስረዳቸው። ሐምዱ መኪና ሊጠራ ሮጠ። መኪና ግን ጭቃውን አልፎ እዚያ ድረስ አይገባም፤ እስከ አስፋልቱ በእግር መሄድ ነበረባቸው።

እስከዳር ወደ እናቷ ቀርባ ክንዷን ዘረጋች። እማሆይ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው ግንባሯን ሳሙት። ከዚያ ግን ወደ ሥራነሽ ዞሩ።

«እሷ ትደግፈኝ፣» አሉ። «ሰው ይየን።»

የኔአለም ለፖሊሱ በዓይኗ ነገረችው፤ እሱም ከሥራነሽ ጎን ራቀ። በመንደሩ መሐል ባለው መንገድ ቀስ ብለው ወረዱ። ሰዎች በየደጃቸው ወጡ። መነኩሲቷን ሲያዩ አማተቡ፤ የያዘቻቸውን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ነጠላዋን ጥላ የወጣችው ጎረቤት በሯን ገርበብ አደረገችው። ሥራነሽ ማንንም አላየችም፤ እማሆይ እግራቸውን የሚያሳርፉበትን ድንጋይ ብቻ ትመርጥ ነበር።

እስከዳር ጃንጥላ ይዛ ከኋላቸው ትከተላለች። ግማሽ መንገድ ላይ ተጠጋቻቸው።

«ሥራነሽ፣» አለች በመጨረሻ። «እኔ አንቺን...»

«እትዬ፣» አለች ሥራነሽ ሳትዞር፣ «ጃንጥላውን ወደ እማሆይ ያዘንብሉት። ትከሻቸው እየረጠበ ነው።»

እስከዳር አዘነበለችው። ዝናቡ በራሷ ላይ ወረደ።